ገንዘብ አትበደሪ፣ ድንኳን ተዋሺ

«እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ እኔም ተራዬ ደርሶ ጻፍኩ። የሰባት ወር ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ የዘንድሮን እረፍት ድንኳን ተክለን እናሳልፍ ይላል። ሆቴል ለመግባት አቅማችን አይፈቅድም፤ እሱስ እውነት ነው። ግን ለዚህ ብሎ ትልቅ ድንኳን፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ የጋዝ ምድጃ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም በብድር ሊገዛ ተነስቷል። ሐሳቡ አምስት ሌሊት፣ ከቤታችን የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። አማቴ ‹ሕፃናቱን ብርድ ልታስመቱ ነው› ብለው አኩርፈዋል። ለእኔ ደግሞ የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤት የማጥበውን ጡጦ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳጥብ። እረፍቱ የማን ነው? ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ በትንሽ ወጪ እንዴት ይሆናል?»

ግራ የገባት እናት

ውድ ግራ የገባሽ እናት፣

ሂጂ። ግን ለአምስት ሌሊት አይደለም። የስድስት ሰዓት መንገድም አይደለም። በብድርማ በጭራሽ። ሁለት ሌሊት፣ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ መንገድ፣ በተዋሳችሁት ዕቃ። አማርኛችን እኮ ነገሩን ለይቶ አስቀምጦልናል፤ ገንዘብ ይበደሩታል፣ ዕቃ ይዋሱታል። ብድር ወለድ ይወልዳል። የተዋሱት ድንኳን ግን ደርቆ ተጣጥፎ ከተመለሰ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ለምን ሁለት ሌሊት እንዳልኩሽ ልንገርሽ። አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ትርፉ ሥራ ነው፤ ተከላችሁ፣ ሳትተኙ አነጋችሁ፣ ነቀላችሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ልጅቷ አትተኛም ብለሽ ቁረጪ። ቦታው አዲስ፣ ሽታው አዲስ፣ ጣሪያው ይንቀሳቀሳል። በሁለተኛው ቀን ደክሟት ትተኛለች። እናንተም የእጅ ባትሪው የት እንዳለ፣ ማንኪያው የት እንደገባ ታውቃላችሁ። ሻይ በሰላም የሚጠጣው ያኔ ነው። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ንጹህ ልብስ ያልቃል።

የመንገዱ ነገርም እንዲሁ ነው። ሕፃን በመኪና ወንበር ታስራ ብዙ መቆየቷ አይመከርም፤ በየሁለት ሰዓቱ ግድም ማውጣትና ማንጠራራት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ከሆነ ሳትቆሙ ትደርሳላችሁ፣ ነዳጁም ይቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገር ከተበላሸ በእኩለ ሌሊት እንኳ ቤት መመለስ ትችላላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ከባልሽ ጋር አንድ ስምምነት አድርጉ፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ «እንመለስ» ካላችሁ ሌላው «ለምን?» ሳይል ዕቃ ይሰበስባል። ይህን ቃል የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም። እንቅልፍ የሚነሳው መውጫ ማጣቱ ነውና።

ይህን ሁሉ የማውቀው እኔም ስለተቀጣሁበት ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ የዘጠኝ ወር ሳለች እኔና ባለቤቴ መኪናችንን እስከ ጣሪያው ሞልተን ሄድን። አመሻሽ ላይ ደረስን። የድንኳኑን መመሪያ በመኪና መብራት እያነበብን፣ አንዱን ምሰሶ ሁለቴ በተሳሳተ ቀዳዳ እያስገባን ተከልን። በጨለማ ሜዳ የመሰለን ቦታ ተዳፋት ኖሯል። በነፋስ የሚሞላ ፍራሽ ነበር ያነጠፍነው፤ ልጅቷን መሐላችን አስተኛናት፣ ዛሬ ቢሆን አላደርገውም። ሌሊቱን ሙሉ ሦስታችንም እየተንሸራተትን ወደ አንድ ጥግ ስንከማች አደርን። ከላያችን አራት ብርድ ልብስ ደርበናል፣ ግን ወገባችን በረዶ ሆነ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቷን ይዘን መኪና ውስጥ ገባን፤ ሲነጋ ወደ ቤት። የገዛነው የሚያምር ፋኖስ ከካርቶኑ ሳይወጣ ተመለሰ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ?

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ዋና ቃል ልምጣ። «እረፍቱ የማን ነው?» ብለሻል። እኔ ስለ ድንኳን የጠየቅሽኝ አልመሰለኝም። የቤቱን ሥራ ሁሉ ወደ ሜዳ ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው፤ ቧንቧው ርቆ፣ ምድጃው ዝቅ ብሎ። ይህ ካልተነገረ ድንኳኑ በነጻ ቢመጣም ለአንቺ ውድ ነው። ስለዚህ ከዕቃ ዝርዝር በፊት የሥራ ክፍፍል ይቅደም። በግምት ሳይሆን በሰዓት። ለምሳሌ ንጋት ላይ፣ ከ11 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሁለቱም ልጆች የእሱ ናቸው። ሐሳቡ የእሱ አይደል? ድንኳን በጸሐይ መውጫ ብርሃን ይሞላል፤ ልጆች ከወትሮው ቀድመው ይነሳሉ። እሱ አልብሶ ይዟቸው ይውጣ፣ አንቺ ተኚ። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት አንቺ ያዢ፣ እሱ ይተኛ ወይም ወንዝ አይቶ ይምጣ። ጡጦ ማጠብ ደግሞ ለሁለቱም ቀን የእሱ ሥራ ይሁን። ተራ በተራ አትበሉ፤ ተራ ሲባል ተራው ሁሌ ወደ እናት ይመጣል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ።

ገንዘቡ የት ይውጣ? ከጀርባችሁ በታች። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዢልኝ ይበቃኛል። ሰው መሬት ላይ ሲተኛ ሙቀቱን መሬቱ ይወስድበታል። በነፋስ የሚሞላው ተራ ፍራሽ ለወገብ ይመቻል እንጂ ብርድ አይከለክልም፤ በውስጡ ያለው አየር እየተዘዋወረ ሙቀቱን ለመሬት ያስረክባል። ከስሊፒንግ ባጉም (ውስጡ ገብተው ከሚተኙበት የመኝታ ከረጢት) በሰውነት ክብደት የተጨፈለቀው የታችኛው ወገን አያሞቅም። ስለዚህ ጠንካራ የስፖንጅ ምንጣፍ፣ ያ ተጠቅልሎ የሚያዘው ቀላሉ፣ ለእያንዳንዳችሁ ይኑር። ከቻላችሁ ሁለት ደርቡ። በላዩ የሱፍ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ብርድ ልብሱን ከአማትሽ ተዋሺ። አልቀለድኩም። እሳቸው ብርዱን የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግማሽ እውነት አላቸው። «ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ምን እንያዝ?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ኩርፊያው ወደ ብርድ ልብስ ይለወጣል።

የሌሊቱን ብርድ ስትገምቱ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስልካችሁ የሚያሳየው የአቅራቢያውን ከተማ ሙቀት ሊሆን ይችላል። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ድንኳን የምትተክሉበት ቦታ ከከተማው ከፍ ካለ ሒሳቡን ሥሩ። በእኔ አስተያየት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜያችሁ አይሆንም። ዝናብ ከተተነበየም ቅሩ። ሕፃን ይዞ በጭቃ ድንኳን መትከል ጀግንነት አይደለም።

የሰባት ወሯ ልጅሽ የራሷ መኝታ ይኑራት። ጠፍጣፋና ጠንካራ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ልቅ ብርድ ልብስ፣ በጀርባዋ። ቤት ያለው ሕግ ድንኳን ውስጥም አይለወጥም። የሚታጠፍ የሕፃን አልጋ ካላችሁ ያው ይበቃል፤ ወርዱ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ አንድ ሜትር ይሆናል፤ ድንኳኑ ውስጥ መግባቱን አስቀድማችሁ ለኩ። በነፋስ የሚሞላ ፍራሽ ላይ ግን ሕፃን አይተኛም፤ ፊቷ ሊሰምጥና ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። በብርድ ጊዜ «እቅፌ ውስጥ ትሞቃለች» ብሎ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ማስገባትም ያው ነው። ይህን የምለው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐሳቡ እንደሚመጣብሽ ስለማውቅ ነው። በዚያ ፈንታ እንደ ቀሚስ የሚለበስና ከእግር በኩል የተዘጋውን የሕፃን መኝታ ልብስ አልብሻት፣ ከሥሩ ደግሞ ስስ ልብሶችን ደርቢ። እጇ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፤ የሕፃን እጅ ብርድን አይናገርም። ጣትሽን ከማጅራቷ በታች አስገቢ። እዚያ ሞቅ ካለ ደህና ነች፣ ካላባት ግን አንድ ልብስ ቀንሺ። ከመጠን በላይ መሞቅም እንደ ብርዱ ያሰጋል።

ትልቁ ልጅ ይቀላል። ቤት የለመደውን ትራስና የለመደውን ብርድ ልብስ ያዢለት፣ አዲስ አትግዢ። የሚተኛው ከድንኳኑ ግድግዳ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ሌሊት ትንፋሻችሁ ሸራው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ የነካውን ያርሳል። ስለዚህም ብርድ ቢሆን የአየር መግቢያውን አትዝጉ።

ድንኳን ስትዋሺ የተጻፈበትን ቁጥር አትመኚው። «ለአራት ሰው» ማለት አራት ሰው እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድሮ ማለት ነው። አንድ የሕፃን አልጋና ሁለት ሻንጣ ሲገባበት የሁለት ሰው ይሆናል። ለእናንተ የስድስት ሰው የሚባለው ይስማማል፤ ደጃፉ ላይ ትንሽ በረንዳ ካለው እሰየው፣ ጫማና ጭቃ እዚያ ይቀራል። ዘርግተሽ ዚፑን ሁለት ሦስቴ ክፈቺ ዝጊ። ስፌቱን በብርሃን አሻግረሽ እዪ። አሽትቺው፤ ሻጋታ የሸተተ ድንኳን ለሕፃን ደረት አይሆንም። ዚፑ የሚያንቋቋ ከሆነ ጥርሶቹን ሻማ አሺባቸው። ልጅ በተኛበት፣ በዚያ ዝምታ፣ ዚፕ ሲከፈት ምን ያህል እንደሚጮኽ አታምኚም። እኛ አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ሳንሄድ ያደርነው በዚፕ ፍርሃት ነው።

የማያስፈልጋችሁን ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ነው ባልሽ የሚቆጣኝ። የሚታጠፍ ወንበር አያስፈልግም። የሚዳህ ሕፃን ያላት እናት ወንበር ላይ መች ተቀምጣ ታውቃለች? ኑሯችሁ መሬት ላይ ነው። ወፍራም፣ በጨርቅ የሚጠረግ ትልቅ ምንጣፍ ያዙ። ልዩ ሳህን፣ ልዩ ኩባያ፣ ልዩ የልጆች ጠረጴዛ፣ ሁሉም ይቅር። የቤታችሁን ድስት ያዙ። ፋኖሱም ይቅር (የእኔው ታሪክ ይበቃል)፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ለሁለታችሁ ግን ግዙ፣ ዳይፐር ሲቀየር ሁለት እጅ ያስፈልጋልና። ለትልቁ ልጅም አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ የራሱ ይሁን። ጨለማን የሚፈራ ልጅ ባትሪው በእጁ ሲሆን የጨለማው ባለቤት ይሆናል። አንዴ ብቻ ዓይናችሁ ላይ ያበራል፤ ይቅር በሉት።

ሳፋ ግን አትርሱ። አንድ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ። ሲጫን የልጆቹን ልብስ ይይዛል፣ እዚያ ሲደረስ ዕቃ ማጠቢያ ይሆናል፣ ከሰዓት በፀሐይ የሞቀ ሁለት ጆግ ውሃ ሲጨመርበት ሁለቱም ልጆች ይታጠቡበታል። ልጄ ከዚያ ሁሉ ተራራና ዛፍ ዛሬ ድረስ የሚያስታውሰው ሳፋውን ነው። አጥባችሁ ስትጨርሱ ግን ወዲያው ድፉት። ትንሽ ልጅ አምስት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፣ ያውም ድምፅ ሳያሰማ። ስለዚህም ድንኳናችሁ ከወንዝና ከሐይቅ ዳር አይሁን፣ ቦታው ምንም ቢያምር። ውሃ ዳር ከሄዳችሁ አንድ ሰው ብቻ «ጠባቂው እኔ ነኝ» ይበል፣ ስልኩን ያስቀምጥ፣ ልጁን እጁ ከሚደርስበት አያርቅ። ሁለት ሰው ሲጠብቅ ማንም አይጠብቅም።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ደውይና ጠይቂ። የሚጠጣ ውሃ አለ? ሽንት ቤቱ ከድንኳኑ ስንት እርምጃ ነው፣ ሌሊት መብራት አለው? መኪናው ድንኳኑ አጠገብ ይቆማል? ጥላ አለ? ለሕፃናት ይከፈላል ወይስ አይከፈልም? ብንሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል? የበዓልና የቅዳሜና እሑድ ዋጋ ከሥራ ቀን ይለያል? ልጆቻችሁ ገና ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ማክሰኞና ረቡዕ ለእናንተ እንደ ቅዳሜ ናቸው። ይህን ዕድል ከአራት ዓመት በኋላ አታገኙትም፣ ዛሬ ተጠቀሙበት። ሽንት ቤቱ ቅርብ ቢባልም ፖፖውን ያዙ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ «መጣብኝ» ሲል መጥቷል።

ቦታው ወባ ያለበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ወይም መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ሌላው ትንኝ በአጎበር ይመከታል፤ የሕፃኗ አልጋና ማዘያ ላይ ጣል የሚደረግ አጎበር ርካሽ ነው። የሚቀባ መከላከያ ከገዛሽ ጽሑፉን አንብቢ፤ ዲት (DEET) የሚባለው ኬሚካል ያለበት ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን፣ የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት ያለበት ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ስለዚህ የሎሚው ለሁለቱም ልጆችሽ አይሆንም። የልጅ እጅ ላይ ምንም አትቀቢ፤ እጁ አፉ ውስጥ ነው የሚውለው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያውን ምሽት እራት ቤት ሠርታችሁ አቀዝቅዛችሁ በረዶ አድርጉት፤ መንገድ ላይ ለሌላው ምግብ በረዶ ሆኖ ያገለግላል፣ ማታ ይሞቃል። የውሃ ጠርሙሶችንም በረዶ አድርጉ፣ ሲቀልጡ ይጠጣሉ። የበረዶ ሳጥን ውድ መግዛት አያስፈልግም፤ ተራውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ይቆያል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያለበት ምግብ ከቅዝቃዜ ከወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀት ከበዛ አንድ ሰዓት። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ሙዝ። ልጆች ሜዳ ላይ የሚበሉት ቤት የሚያውቁትን ነው፣ አዲስ ምግብ ለመሞከር ጊዜው አይደለም። ለትንሿ ማር አታቅምሱ፤ አንድ ዓመት እስኪሞላት የተከለከለ ነው።

ጡጦ ላይ ግን ልቆይ፣ የፈራሽው እሱ ነውና። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ለእነዚህ ሁለት ቀናት ጡቱን አብዢ። ከእሱ የረከሰና የጸዳ የለም። ለቀሪው፣ የዱቄት ወተቱን ለእያንዳንዱ ጡጦ የሚበቃውን ለክተሽ በትንንሽ የሚዘጉ ዕቃዎች ከቤት ያዢ። የዱቄት ወተት ከጀርም ነጻ አይደለም፤ የሚበጠበጥበት ውሃ ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን አለበት። ውሃ አፍልታችሁ አንድ ሊትር ፔርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ከዘጋችሁት ለሰዓታት ከ70 በላይ ይቆያል፤ ለሌሊቱ ጡጦ ምድጃ መለኮስ ቀረ ማለት ነው። በጥብጠሽ፣ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ ክንድሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪ። የተረፈውን አታቆዪ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይደፋል። ስድስት ጡጦ ከቤት ታጥቦ ቢመጣ፣ እዚያ የሚታጠበው ጥቂት ነው። ያንንም የሚያጥበውን አውቀነዋል።

ዳይፐር ደግሞ ቤት በቀን ስንት እንደምትጨርሱ ቁጠሩና ግማሽ ያህል ጨምሩበት። አልቆባችሁ መንገድ ላይ የምትገዙት ሁሌም ይወደዳል። በጀት የሚፈርሰው በድንኳን አይደለም፣ በእንዲህ ያለ «የረሳነው» ነው። የእያንዳንዱን ቀን ልብስ በየፌስታሉ ለይታችሁ እሰሩት። ካልሲ ከምታስቢው እጥፍ። የተጠቀማችሁበትን ዳይፐር የምትመልሱበት የሚታሰር ወፍራም ፌስታልም አትርሱ።

እሳቱስ? ባልሽ «እሳት የሌለው ካምፕ ምን ካምፕ ነው» ይላል፣ አውቀዋለሁ። መራመድ የጀመረና መዳህ የጀመረች ልጅ ይዛችሁ እኔ ዘንድሮ እሳቱን እለፉት እላለሁ። ካልሆነም ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድዱ። ከነበልባሉ ይልቅ የሚያስፈራው የጠዋቱ ረመጥ ነው። ከላይ አመድ ነው፣ ነጭ፣ የሞተ ይመስላል፤ በውስጡ ፍሙ እስከ ማግስቱ ይቆያል። በአፈር ወይም በአሸዋ ማዳፈን ይብሳል፤ ሙቀቱን ሸሽጎ ያቆየዋል፣ ልጅ ደግሞ አሸዋ ሲያይ ይረግጣል። ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፣ የእጃችሁን መዳፍ አስጠግታችሁ ምንም ሙቀት እስከማይሰማችሁ ድረስ። ልጅ ከተቃጠለ ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም፤ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ድርድር የለም። ከሰል፣ የጋዝ ምድጃ ወይም ማሞቂያ ድንኳን ውስጥም በረንዳው ላይም አይገባም። ለብርድ ብሎ፣ «ጠፍቷል» ብሎ፣ «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ፣ አይገባም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የጠፋ የሚመስል ከሰልም ያወጣዋል።

ቀን ላይ ጸሐዩ ነው ጠላታችሁ። የተዘጋ ድንኳን በጸሐይ እንደ ምድጃ ይግላል፤ የቀን እንቅልፍ ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ይሁን። የሕፃን ጋሪ ላይ ጨርቅ ማልበስም ጥላ ይመስላል እንጂ ውስጡን ያፍናል። ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ያልተሸፈነው ላይ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የጸሐይ ክሬም፣ በየሁለት ሰዓቱ። ትንሿ በቀን የምትተኛበትን ሰዓት ጠብቁላት። እሷ አልተኛ ካለች ማዘያ ውስጥ አስገብቶ የሚዞረው ያው የዕለቱ ተረኛ ነው።

የድንኳኑን አውታሮች ደማቅ ቁራጭ ጨርቅ እሰሩባቸው፤ ልጅም አባትም እየተደናቀፉ ነው የሚውሉት። ለልጁ ደማቅ ልብስ አልብሱት፣ ክንዱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በእስክርቢቶ ጻፉ። ቴርሞሜትር፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ኦ አር ኤስ ያዙ። የሽሮፑን መጠን በልጆቹ ኪሎ ልክ ከመሄዳችሁ በፊት ከፋርማሲ አስጽፉ፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሒሳብ አይሠራም። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ሳትነሱ እወቁ። ከዚህ ሌላ መድኃኒት ቤት አትሁኑ።

እዚያ የምትደርሱት ከምሳ በፊት ይሁን። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ሆነው እያዩ፣ ብርሃን እያለ፣ ሜዳውን ተኝታችሁ ሞክራችሁ ትከሉ። እውነቴን ነው፤ ጭንቅላታችሁን ወዴት ዝቅ እንደሚያደርገው ጀርባችሁ ከዓይናችሁ ቀድሞ ያውቃል።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የሚመጣው ቅዳሜ ሳሎኑን አስጠጉና ድንኳኑን እዚያው ትከሉት፣ ወይም ደጃፍ ካላችሁ ደጃፉ ላይ። ሕፃኗ አንድ ቀን እንቅልፏን እዚያ ትተኛ፣ ልጁ ባትሪውን ይዞ ይግባ ይውጣ፣ እናንተም አንድ ሌሊት እደሩበት። የሚጎድለውን ያኔ ታገኙታላችሁ፣ በነጻ። ካስማዎቹንም ቁጠሯቸው። የተዋሱት ድንኳን አንድ ካስማ ሳይጎድለው መጥቶ አያውቅም።